ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ በሕግ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ አዴ ሳሊሀ ስንት ዓመቷ እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ስድሳ ነው። ታናሽ እህቷ ታውቃለች፤ እናቷን ያዋለደችው አሮጊት ከመሞቷ በፊት ለሚሰማም ለማይሰማም ተናግራለች፤ እኛም ጎረቤቶቿ ሥራ ስንፈታ ደምረን ቀንሰን ደርሰንበታል። የማያውቀው መንግሥት ብቻ ነው። መንግሥት ዘንድ አዴ ሳሊሀ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። እንዲህ ብሎ እንዲጽፍ ያደረገችውም ራሷ ናት።

ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ልጅ ነች። ጅማ የገባችው ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ እዚያው ጅማ መርካቶ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ናይለኑን ሐር ነው እያለ የሚሸጥ፣ ግን የተበደረውን ሰው ቤት ድረስ ሄዶ የሚመልስ ደግ ሰው፣ አላህ ይዘንለት። ሲሞት ሦስት ልጅና ገዢ ያጣ ሁለት ጥቅል አበባ ጨርቅ ተወላት። ሳሊሀ ጨርቁን ለልጆቹ ልብስ አሰፍታ ጨረሰችው። በዚያ ዓመት ኢድ ሦስቱ ልጆች በአንድ አበባ ተሰልፈው ሲወጡ መጋረጃ በእግሩ የሚሄድ ነው የመሰለን። ከዚያ ወዲያ የሚሸጥም የሚሰፋም ስላልቀረ ቡና መጋዘን ገባች።

ሥራዋ ለቀማ ነው። ጫካ ገብቶ ቀይ ፍሬ መልቀም አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ከደረቀው ቡና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውንና ጠጠሩን እየለዩ መጣል ነው። ለቃሚ ሴት እጇ ሥራ ቢይዝም አፏ ነፃ ነው። የከተማው ወሬ ሁሉ መርካቶ ከመድረሱ በፊት በዚያ መጋዘን በኩል ያልፋል፣ ይበጠራል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ሳሊሀ ደግሞ ከቡናውም ከወሬውም እንክርዳድ አታሳልፍም።

የመጋዘኑ ባለቤት አቶ ለይኩን ነው። ለብዙ ዘመን ለቃሚ ሁሉ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ መጣሽ ይከፈልሻል፣ ቀረሽ የራስሽ ጉዳይ። በ2006 ዓ.ም. ግን ለይኩን ቡና ወደ ውጭ መላክ ጀመረና ሠራተኛ የማስመዝገብ ግዴታ መጣበት። ጎበዝ ጎበዞቹን ሴቶች መርጦ ቋሚ አደረጋቸው፤ ቋሚ የሆነ ደግሞ ጡረታ ይመዘገባል ተባለ።

ምዝገባው የተደረገው ሚዛኑ አጠገብ ነው። ጸሐፊ አልነበረምና ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ሙርሺድ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ እሱ ያዘው። ይህ ነው ጣጣውን ያመጣው። ሙርሺድ ያኔ ሚስቱ ከሞተች ዓመት ያለፈው፣ ጢሙን በየሳምንቱ የሚያስተካክል፣ ሸሚዙን የሚያስተኩስ ሰው ነበር። ሳሊሀም ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቷ። ተራዋ ደርሶ ፊቱ ስትቆም፣ ሙርሺድ ቀና ብሎ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣

«ዕድሜ?» አላት።

«አርባ» አለች ሳሊሀ።

ከኋላዋ የቆመችው ጓደኛዋ አሰገደች ድንገት ሳል ያዛት። ሳሉን ከኋላ የተሰለፉት እስከ በሩ ድረስ ተቀባበሉት። ሙርሺድ ግን ጨዋ ሰው ነውና ሳይስቅ በ1966 ተወለደች ብሎ ጻፈ። እውነቱ 1957 ነው። አሰገደች ተራዋ ሲደርስ ዕድሜዋን ከነወሩ ተናገረች፤ ባል ያለው ሰው ምን አስዋሸው!

ሙርሺድ በዚያው ዓመት አገባ። ሰርቦ ሄዶ፣ ሳሊሀን የምትበልጥ ሴት አገባ። ወሬው ሲደርሳት ሳሊሀ የያዘችውን ቡና ከእጇ አፍስሳ፣ «ያ ረቢ! እኔ ዘጠኝ ዓመት ጣልሁለት፤ እሱ ለካ ትልቅ ነው የሚፈልገው!» አለች። እኛም ስቀን፣ ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለን።

መጀመሪያ ደሞዝ ሲቆረጥ መጋዘኑ ተንጫጫ። አንዷ ለይኩን ለልጁ ሰርግ ነው የሚሰበስበው አለች፤ ሌላዋ የሚዛኑ ማደሻ ነው አለች። ሙርሺድ ነው በመጨረሻ ያስረዳቸው።

«ከመቶ ብር ደሞዝሽ ሰባት ብር ካንቺ ይቆረጣል። አሥራ አንድ ብር ደግሞ እሱ ይጨምራል። አሥራ ስምንቱ በየወሩ በስምሽ ይላካል።»

«ማን ነው የሚጨምረው?» አለች ሳሊሀ።

«አቶ ለይኩን።»

«ከራሱ ኪስ?»

«ከራሱ ኪስ።»

«ለይኩን ከኪሱ መሀረብ እንኳ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም እኮ!» አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰባቱ ማዘን ትታ በአሥራ አንዱ ትደሰት ጀመር። ሌሎቹ ደሞዛቸው ሲጎድል ያዝናሉ፤ እሷ የለይኩን ሲጎድል ይታያታል።

ደግሞ የሰውየውን ሐቅ መካድ አይገባም፤ ላከ። ቆርጦ ያስቀራል ብለን ስንት ዓመት አማነው፤ አላስቀረም፣ በየወሩ አስገባ። ይህ ራሱ እንዴት እንደሚጠቅማት ያኔ ማን አወቀ።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ባለፈው ዓመት ለይኩን ቡናን በቀለም የሚለይ ማሽን አስገባ። ማሽኑ ፍሬውን በብርሃን ያየዋል፣ ጥቁር ከሆነ በነፋስ እፍ ብሎ ይጥለዋል። አያወራም፣ አያማም፣ ሻይ አይወጣም። ለይኩን ማሽኑን ባየው ቁጥር ሴቶቹ የበዙ ይመስለው ጀመር። እንዲሁ ቢያሰናብት ማስጠንቀቂያ አለ፣ ካሳ አለ፣ ክስ አለ። በጡረታ የወጣ ግን በደስታ የወጣ ነው። ስለዚህ ፋይል ሳያስገልጥ፣ ሰፈሩ በሚያውቀው ዕድሜ ከትልልቆቹ ጀመረ።

አንድ ጠዋት መጥቶ ሳሊሀ ፊት ቆመና፣ «እትዬ ሳሊሀ፣ እንዴት አደሩ?» አላት።

የለቃሚው እጅ ሁሉ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አንቺ ሴትዮ» ሲላት የኖረ ሰው ነው።

«ማን ሞተብኝ?» አለች ሳሊሀ ደንግጣ።

«ማንም አልሞተም። ዕድሜዎ ደረሰ፤ እንግዲህ ማረፍ አለብዎት። ከዚህ ወር በኋላ ጡረታዎን እየበሉ ቤትዎ ቁጭ ማለት ነው።»

ሳሊሀ ከልቧ ደስ አላት። ጉልበቷ መሬት ላይ ተቀምጦ መነሣት እንቢ ካላት ቆይቷል፤ ለመነሣት አሰገደችን ትይዛለች፣ አሰገደች ግድግዳውን ትይዛለች። «ባጋ! እንኳን ስድሳም ሞላኝ፣ ዕረፍቴም ደረሰ» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረች። የጡረታ ጫማ ነው ብላ ከመርካቶ ለስላሳ ጫማ ገዛች። ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ አላፊ አግዳሚውን እያየች አስተያየት ልትሰጥ ነበር ሐሳቧ። እኛ ጎረቤቶቿ በዚህ ትንሽ ሰጋን።

ከአሰገደች ጋር ሆነው ጡረታ ቢሮ ሄዱ። ጉዳያቸውን የተቀበላቸው ናኦድ የሚባል ወጣት ነው፤ ፈገግታው የማይጠፋ፣ ሰው የማያጉላላ ልጅ። ቁጥሯን ኮምፒውተር ላይ አስገባና ቀና ብሎ አያት። መልሶ ኮምፒውተሩን አየ።

«ማዘር፣ ምን ልርዳዎት?»

«ጡረታዬን አምጣ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።»

«እርስዎ እኮ ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረዎታል። ሃምሳ አንድ ነዎት።»

አሰገደች አግዳሚው ላይ ተደፋች። ሳሏ ተመለሰ።

«የኔ ልጅ፣ ማሎ፣ እየኝ እስቲ» አለች ሳሊሀ፤ ሻሿን ገፋ አድርጋ ሽበቷን አሳየችው። «ይህ የሃምሳ አንድ ነው?»

«ሽበት ከሃያም ይጀምራል ማዘር።»

«እህቴን ላምጣት። ታናሼ ነች፤ እሷ እንኳ ሃምሳ ስምንት ሞልቷታል። ታናሽ እህቴ በወረቀት ታላቄ ሆነች እኮ!»

ናኦድ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳት። የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ባስመዘገቡት ልደት ነው፤ በኋላ የሚመጣ ምስክርም ሌላ ወረቀትም አይለውጠውም። ሕጉ እንደዚያ የሆነው ሰው እንደፈለገ ዕድሜውን ከፍ ዝቅ እንዳያደርግ ነው። «ግን ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለምን ቀነሱት?»

«የሚጽፈው ሰው ያምር ነበራ!» አለች አሰገደች ከአግዳሚው።

«ዝም በይ አንቺ! ኤጋ፣ ሥራዬን ባቆምስ? እስከዛሬ ያዋጣሁት ጠፋ?»

«አይጠፋም። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው መብቱ ይጠበቃል፤ እርስዎ ደግሞ አልፈዋል። ክፍያው የሚጀምረው ግን ስድሳ ሲሞላዎት ነው።» ኮምፒውተሩን ነካ አደረገ። «በዚህኛው ስድሳ። ከቀጠሉ ደግሞ የሚጨመረው ዓመት ሁሉ አበሉን ከፍ ያደርገዋል።»

«እስከዚያ ምን እየበላሁ?»

ናኦድ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ለይኩን በወሩ መጨረሻ ካስወጣት ደሞዝ የለም፣ ጡረታ የለም፣ ዘጠኝ ዓመት ባዶ እጅ።

«ስድሳ ሳይሞላኝ ብሞትስ? ልጆቼ ይወስዱታል?»

«ልጆች የሚያገኙት ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆኑ ነው። ባል ካለ ባል ግማሹን ያገኛል።»

«ባሌ የለም፤ ልጆቼ ጢም አላቸው። ታዲያ ያ የተጠራቀመ ገንዘቤ የት ይሄዳል?»

«ለብቻዎ የተጠራቀመ አይደለም እኮ ማዘር። እንደ ባንክ አይደለም። ዛሬ የሚሠራው ሰው ያዋጣል፣ ከዚያ ላይ ዛሬ የጡረታ ዕድሜው የደረሰው ይከፈለዋል። የእርስዎ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ያኔ የሚሠሩት ያዋጣሉ። ለእርስዎ የሚቆጠርልዎት ያገለገሉት ዓመትና ደሞዝዎ ነው።»

ሳሊሀ አሰላሰለችው። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ሽማግሌ ሁሉ ሳበላ ኖሬያለሁ በለኛ።»

«እንደዚያ ማለት ነው።»

«አላህ ይቀበለኝ። ግን አንዱስ ቢሆን መጥቶ አመስግኖኝ ያውቃል?»

ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ሳሊሀ አዲሱን ጫማዋን እያየች ጉልበቷን ታሻለች። አሰገደች ልታስቃት ሞከረች።

«ስንቱ ሰው ዕድሜ ጨምርልኝ ብሎ ይለምናል፤ አንቺ በነፃ ዘጠኝ ዓመት ተሰጥቶሽ ታኮርፊያለሽ?»

«ጉልበቴ ግን አልተሰጠውም፣ አሰጉ። እሱ ስድሳ እንደሆነ ነው የሚያውቀው።» ትንሽ ቆየችና ቀና አለች። «ቆይ። ቆይ እስቲ። በሕግ ሃምሳ አንድ ከሆንሁ፣ ለይኩን ምን ብሎ ነው በጡረታ የሚያስወጣኝ?»

አሰገደች መሳቋን አቆመች። የባጃጁ ሹፌር እንኳ ዞሮ አያት።

«ፊትህን ወደ መንገዱ አድርግ፣ አባ ኮ» አለችው ሳሊሀ። « መጋዘን ውሰደን።»

ሲደርሱ ለይኩን ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ እጁ ላይ ነው። ሳሊሀ ዕቃዋን ልትሰበስብ የመጣች መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን ፊቱ ሄዳ ሻሿን አስተካክላ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ጋሼ ለይኩን፣ ደህና ዋሉ?»

ለይኩን ከኋላው የቆመ ሽማግሌ ካለ ብሎ ዞር አለ። ማንም የለም።

«ምን ማለትሽ ነው ጋሼ?»

«በጥር ኬክ ቆርሰው ያበሉን የሃምሳ አራት ዓመትዎ አልነበረም? እኔ ሃምሳ አንድ ነኝ፤ አሁን ከጡረታ ቢሮ አረጋግጬ መምጣቴ ነው። ታላቄን አንተ ልበል እንዴ? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ?»

ከለቃሚዎቹ ከወደ ኋላ አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ማን ሊያቆመው። የለይኩን ፊት ቀላ። እርስዎ ያለው አፉ ወዲያው አንቺ አለ።

«አንቺ ሴትዮ! ስድሳ እንደሞላሽ ጅማ ሁሉ ያውቃል! ራስሽ አይደለሽ ጫማ ገዝተሽ ስታስወሪ የከረምሽው?»

«የሰፈር ወሬ ነው ጋሼ። የተማረ ሰው በሰፈር ወሬ ሠራተኛ ያሰናብታል?»

«ወረቀቱ ነው ውሸት!»

«ወረቀቱን በየወሩ ፈርሞ የሚልክ ማን ነው? በ1966 ለተወለደች ሳሊሀ ብለው አሥራ አንድ ዓመት ፈርመዋል። እኔ አንድ ቀን ዋሸሁ፤ እርስዎ በየወሩ ዋሽተው ነው?»

ለይኩን ሂሳብ የምትሠራውን ጽዮናዊትን ጠራት። ጽዮናዊት ፋይሉን አመጣች፤ ገለጥ አድርጋ፣ «አቶ ለይኩን፣ እዚህ ሃምሳ አንድ ናት። በዚህ ደብዳቤ ልትወጣ አትችልም» አለች።

«ዓይንሽ አያይም? ሴትዮዋን እያት!»

«አያለሁ። እስካሁን የላክነው ስህተት ነበር ብዬ መዋጮውን ለሚሰበስበው ለገቢዎች ልጻፍ?»

የሴቶቹ እጅ እንደቆመ ነው፤ ማሽኑ ብቻ ለራሱ ያጉረመርማል። ለይኩን ድምፁን አለዝቦ ወደ ሳሊሀ ጠጋ አለ።

«በቃ፣ ሰው እንሁን። የሆነ ነገር ልስጥሽና በፈቃዴ ለቀቅሁ ብለሽ ፈርሚ። ደክሞሻል እኮ፤ አያለሁ፤ ስትነሺ አሰገደችን ነው የምትይዢው።»

ይህኛው ነካት። እውነት ስለሆነ ነካት። ለአፍታ ጉልበቷን ይዛ ቆመች፤ አሰገደች እሺ ልትለው ነው ብላ እንደፈራች ኋላ ነግራናለች።

«ደክሞኛል» አለች ሳሊሀ። «አልክድም። ጉልበቴም ያመኛል፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። የደከምሁት ግን እዚህ ነው፤ መሬትዎ ላይ ተቀምጬ። ድካሜን በቅናሽ አልሸጥልዎትም።»

«ሥራሽን ማሽኑ ወስዶታል።»

«ኤጋ፣ ማሽኑ ያሳለፈውን ማን ያያል?» ብላ ማሽኑ ጥሩ ብሎ ካፈሰሰው ላይ እጇን ሰደደች። ብዙም አልፈለገችም። አንድ ነቀዝ የበላው ፍሬ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ይህን ለፈረንጅ ሊልኩት ነበር ጋሼ። ወንበር ያምጡልኝና እዚህ ማሽኑ አፍ ላይ እቀመጣለሁ።»

«መሬት ላይ ስትቀመጪ የኖርሽ ሴት ዛሬ ወንበር?»

«ዘጠኝ ዓመት መሬት ላይ እንድቀመጥ ፈልገው ነው? ሰው ይታዘበናል።»

ለይኩን ደብዳቤውን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጠፈው። የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ በመጨረሻ ኪሱ ከተተው። ወንበሩን እሱ አላመጣም። አሰገደች ናት ከሂሳብ ክፍል የጽዮናዊትን የፕላስቲክ ወንበር አንሥታ የመጣችው፤ ጽዮናዊትም አየች፣ አልከለከለችም።

ይኸው እስከዛሬ እዚያ ተቀምጣለች። አልተመቻትም፤ ተመቻት ብዬ ብጽፍ ነገ ደጄ መጥታ ታዋርደኛለች። ማታ ጉልበቷን በሙቅ ውኃ ትነክራለች። ደጃፏ ላይ የምታወጣው ወንበር ገና አልወጣም። ግን ደሞዟ ይወጣል፣ ሰባቱ ይቆረጣል፣ አሥራ አንዱ ይጨመራል፤ ዓመቱም ይቆጠራል።

አኗኗሯንም ለውጣለች። ቀድማ ከሞተች የደከመችበት ለማንም እንደማይሆን ካወቀች ወዲህ ስኳር ቀንሳለች፣ ጠዋት ጠዋት ከመንደራ ቆጪ እስከ መርካቶ በእግሯ ትሄዳለች። «እኔ እንደ ሌላው ሰው ዝም ብዬ መሞት አልችልም፤ ቀጠሮ አለኝ» ትላለች። ባል ግማሹን ያገኛል የሚለው ወሬ ከመጋዘኑ ሾልኮ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሚስት የሞተችባቸው ሁለት ነጋዴዎች ሽማግሌ ልከውባታል። ሁለቱንም መለሰች። «ሞቴን የሚጠብቅ ወንድ አንድ ይበቃኛል፤ እሱም ደሞዝ ይከፍለኛል» አለቻቸው።

በዚህ ክረምት ክፉ ጉንፋን ያዛትና ትንሽ ቀን ቀረች። ስትመለስ ለይኩን በር ላይ ጠበቃት። ፊቱ ላይ ሐዘን ይሁን ተስፋ መለየት ያስቸግራል።

«ሳሉ እንዴት ሆነልሽ?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀኝ» አለች ወደ ወንበሯ እየሄደች። «አሁን የሚይዘው ትልልቅ ሰዎችን ነው አሉ። ይጠንቀቁ ጋሼ።»